ብስክሌት ለበጎ አድራጎት፦ ጀማሪው ምን ሰንቆ ይነሳ?



በዚህ ዓምድ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ጨውና ስለ ቅባት ብዙ ተብሏል። ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከምግብ ሳህኑ ጥቂት ራቅ ይላል፤ ከጤናችን ግን አይርቅም። ጉዳዩ ለበጎ አድራጎት የሚደረግ የብስክሌት ጉዞ ነው። በተለይም ከልጅነቱ ወዲህ ብስክሌት ላይ ወጥቶ የማያውቅ ወይም ጨርሶ ነድቶ የማያውቅ ሰው «እኔም ልሳተፍ» ቢል ምን ማድረግ እንደሚገባው እንመለከታለን።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰዎች ይመዘገቡና የተወሰነ ርቀት በብስክሌት ይጓዛሉ። ዘመድ፣ ጎረቤትና የገበያ ደንበኛ በእነርሱ ስም ገንዘብ ያዋጣል። አንዳንዱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ብር እሰጣለሁ ይላል፤ ሌላው በአንድ ጊዜ የሚችለውን ይሰጣል። የተሰበሰበው ገንዘብ ለሕሙማን፣ ለየቲሞች ወይም ለተፈናቀሉ ወገኖች ይውላል።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ሥር የሰደደ ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ፓን-ማስ ቻሌንጅ የተባለ የብስክሌት ጉዞ ዳና-ፋርበር ለተባለው የካንሰር ተቋም እስካሁን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አሰባስቧል። በእንግሊዝ አገር ከለንደን እስከ ብራይተን ድረስ 54 ማይል፣ ማለትም 87 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ጉዞ ለልብ ሕመም ምርምር ገንዘብ የሚሰበሰብበት ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጥቂት የእንግሊዝ ሙስሊሞች ወደ ሐጅ ሲሄዱ ከለንደን በብስክሌት ተነስተው መዲና ገብተዋል፤ በመንገዳቸውም ለሶሪያ ሕዝብ የሕክምና እርዳታ ገንዘብ አሰባስበዋል።

እኛም አገር ቢሆን ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጎዳና ላይ እያወጣ ጎን ለጎን ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ሲያሰባስብ ቆይቷል። በታኅሣሥ 2018 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገድ ለተሽከርካሪ ተዘግቶ ሕዝቡ በእግርና በብስክሌት እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ተጀመረ። ብስክሌቱም ቢሆን የቆየ ወዳጃችን ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተሳተፈችበት የ1956ቱ (እ.ኤ.አ.) የሜልቦርን ውድድር ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች ነበሯት። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ ቦንጋና በአጠቃላይ የከፋ ዞን ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ የተመቸ ቦታ ነው፤ ሙስሊሙ ማኅበረሰብም ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ሊያዘጋጀውና ሊሳተፍበት ይገባል። ነገር ግን ጀማሪው ሳይዘጋጅ የሚወጣ ከሆነ ባይወጣ ይሻላል። ለምን እንደሆነ ልዘርዝር።

የምንረዳውና የምንፈራው በሽታ አንድ ነው

በየመስጂዱ በር ላይ፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ጥሪ ምንድን ነው? ኩላሊቱ የደከመ ወንድም፣ ልቧ የታመመ እህት፣ ለሕክምና ወጪ የተቸገረ ቤተሰብ። ቦንጋ የገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ያላት ከተማ ናት። ሆኖም ከአካባቢው አቅም በላይ የሆነ ሕመም ሲገጥም ሕመምተኛው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ አንዳንዴም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይላካል። በዚያ ጊዜ ቤተሰቡን የሚያስጨንቀው የመድኃኒቱ ዋጋ ብቻ አይደለም። የትራንስፖርቱ፣ የአስታማሚው ማደሪያና ምግብ፣ የተዘጋው ሱቅና ያልታረሰው ማሳ ሁሉ ተደምሮ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ለኩላሊት መድከም ዋነኞቹ ምክንያቶች የስኳር በሽታና የደም ግፊት ናቸው። ሁለቱም ከመቀመጥና ካለመንቀሳቀስ ጋር ጥብቅ ግንኙነት አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልገው አስቀምጧል። ይህ ማለት በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ለሚውል ነጋዴ፣ ከቤቱ እስከ ገበያ በባጃጅ ለሚሄድ ሠራተኛ ይህ ብዙ ነው። ብስክሌት ግን ይህን ሊሞላ ይችላል። ለዚያውም እንደ ሩጫ ጉልበትና ቁርጭምጭሚትን አያስጨንቅም፤ የሰውነትን ክብደት የሚሸከመው ኮርቻው ነውና።

ስለዚህ ለኩላሊት ሕመምተኛ ገንዘብ ለማሰባሰብ ፔዳል የሚመታ ሰው የራሱንም ኩላሊት እየጠበቀ ነው። ከሌሎቹ የመዋጮ ዓይነቶች ይህን የሚለየው ይህ ነው።

«ገንዘቡን ብቻ ብንሰጥስ?»

አንዳንድ ወንድሞች «ሰደቃ ለመስጠት ብስክሌት ላይ መውጣት ለምን አስፈለገ? ኪሳችንን ከፍተን እንስጥ፤ ደግሞም በስውር የሚሰጥ ይበልጣል» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በስውር መስጠት የበለጠ መሆኑ በቁርኣን የተነገረ ነው፤ በግልጽ መስጠትም እዚያው መልካም ተብሏል። በግልጽ የሚደረገው መልካም ሥራ ሌላውን የሚያነሳሳ ሲሆን የራሱ ቦታ አለው። ሰውየው በራሱ አቅም ሁለት መቶ ብር ሊሰጥ ይችላል፤ ፔዳል እየመታ ሃያ ጎረቤቶቹን ቢያስተባብር ግን የሚሰበሰበው ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ሌላም አለ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በእያንዳንዱ ቀን ፀሐይ በወጣች ቁጥር በሰው ልጅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ላይ ሰደቃ እንዳለ አስተምረዋል። በዚያው ትምህርት ሰውን በመጓጓዣው ላይ ለመውጣት ማገዝ፣ ዕቃውን ማንሳት፣ ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገር ማስወገድ ሁሉ ሰደቃ መሆኑ ተጠቅሷል። እንግዲህ መገጣጠሚያችን ራሱ ሰደቃ ካለበት፣ ጉልበታችንን ለታመመ ወንድም ስንል ብናንቀሳቅስ እንግዳ ነገር አልሠራንም። ገንዘብ የሌለው ወጣት እንኳ በጉልበቱ ይሳተፋል። ብስክሌት መንዳት የማይችለውም ውኃ በማደል፣ ጎማ በመንፋት፣ መንገድ በመጠበቅ አጅር ያገኛል ኢንሻ አላህ።

ገንዘቡን መስጠት የፈለገ ይስጥ፤ ማንም አይከለክለውም። «ብስክሌቱ ትርፍ ነገር ነው» የሚለው አባባል ግን አይዋጥልኝም።

ያልተገራው ፈረስ አጭር ርቀት ይሮጣል

ብዙ ጀማሪዎችን የሚጎዳው ኩራት ነው። ጓደኛው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሲመዘገብ እርሱ አምስት መመዝገቡን ያፍርበታል። በዚህ ነገር ላይ ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ጥሩ ምሳሌ አለን። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት መሠረት መልእክተኛው ፈረሶችን ሲያሽቀዳድሙ ሁሉንም በአንድ ርቀት አላስሮጡም። ለውድድር ተቀልበውና ተገርተው የተዘጋጁት ከአል-ሐፍያእ እስከ ሰኒየተል ወዳዕ ድረስ፣ አምስት ወይም ስድስት ማይል ያህል ይሮጡ ነበር። ያልተዘጋጁት ግን ከሰኒየተል ወዳዕ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጂድ ድረስ፣ አንድ ማይል ገደማ ብቻ ነው የሮጡት።

ይህን ያዙልኝ። ያልተዘጋጀው ፈረስ ከውድድሩ አልተባረረም፤ ከአቅሙ በላይም አልተጫነበትም። ልኩን የሚያህል ርቀት ተሰጠው። ለእንስሳ የተደረገው ርኅራኄ ለሰው አይነፈግም። ስለዚህ ጀማሪ ሆይ፣ አጭሩን ርቀት መምረጥ ነውር አይደለም። የዝግጅቱ ባለቤቶች ደግሞ አጭር ርቀት ሳያዘጋጁ ሕዝብ መጥራት የለባቸውም።

ስምንት ሳምንት ያስፈልጋል

የጉዞው ጥቅም በዕለቱ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን ላብ ማፍሰስ የደም ግፊትን አያስተካክልም። ሰውነት የሚለወጠው ከዕለቱ በፊት ባሉት ሳምንታትና ከዚያ በኋላ በሚቀጥለው ልማድ ነው። ለጀማሪ ስምንት ሳምንት ዝግጅት ተገቢ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ሜዳማ ቦታ ላይ ንዱ። ፍጥነቱን የምትለኩት በአንደበታችሁ ነው፦ እየነዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ልክ ነው፤ ቃል በቃል እየተቆራረጠ ከወጣ ቀንሱ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ደቂቃውን ወደ 40 አሳድጉ፤ ከሦስቱ ቀናት አንዱን ወደ አንድ ሰዓት አድርሱ። በአምስተኛውና በስድስተኛው ዳገት ጨምሩ፤ ረጅሙ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይሁን። በሰባተኛው ሳምንት በዕለቱ ከምትጓዙት ርቀት ሦስት አራተኛውን አንድ ጊዜ ሂዱ። በስምንተኛው ቀንሱና እረፉ፤ ድካም ይዞ ወደ ጉዞው መግባት አይጠቅምም። ሰኞና ሐሙስ የመጾም ልማድ ያላችሁ ልምምዱን ማክሰኞ፣ ዓርብ ጠዋትና እሑድ ብታደርጉት ሁለቱ አይጋጩም።

ብስክሌቱ የግድ አዲስ መሆን የለበትም። የተውሶም የኪራይም ይሆናል፤ ግን ይመርመር። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዛችሁ ፔዳሉን ነክቶ እግራችሁ ቀጥ ካለ ቁመቱ ልክ ነው። ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበት ያሳምማል፤ ከፍ ያለ ደግሞ ወገብ ያወዛውዛል። የፊትና የኋላ ፍሬን ሁለቱም ይያዙ። ጎማው ንፋሱን የጠበቀ፣ ካቴናው ዘይት የተቀባ ይሁን። ትርፍ ካላማዳርያና ንፋስ መሙያ ይዞ የሚከተል ሰው ይኑር።

ራስ ላይ ሄልሜት ማድረግ የግድ ነው። ሄልሜት ከባድ የራስ ጉዳትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ። «ተወኩል አለኝ» የሚል ወንድም ግመሉን አስሮ በአላህ እንዲመካ የተነገረውን ሰው ያስታውስ። መጀመሪያ ማሰር ነው፤ ቀጥሎ መመካት።

የቦንጋ መንገድ ጠባይ

ከቦንጋ ተነስቶ ወደየትም ቢኬድ ዳገትና ቁልቁለት አለ። በአዲስ አበባ አደባባይ የሚሠራ ምክር እዚህ ሁልጊዜ አይሠራም። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የተመዘገበው የከፋ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ደን ለዓይን ደስ ይላል፤ አየሩም ንጹሕ ነው። ይኸው ደን ግን ጉምና ዝናብ ይስባል። ጠዋት ላይ መንገዱ በጉም ሲሸፈን ሹፌር ብስክሌተኛን የሚያየው ቅርብ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ ይለበስ፤ ጉሙ እስኪገለጥ መጠበቅም ብልህነት ነው። ዝናቡ ጋብ የሚልባቸው ታኅሣሥና ጥር ለዚህ ጉዞ ከሌሎቹ ወራት የተሻሉ ናቸው። ሆኖም ወቅቱ ቡና የሚጓጓዝበት በመሆኑ የጭነት መኪና እንደሚበዛ አትርሱ።

ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ወደ ጎጀብ ወንዝ መውረድ ጀማሪን ያታልላል። ሲሄዱ ቁልቁለት ስለሆነ ፔዳል ሳይመታ ይንሸራተታል፤ «ይህማ ቀላል ነው» ያሰኛል። መመለሻው ግን ያው ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቃል፤ ጉልበትም ያልቃል። ለጀማሪ የሚሻለው መጀመሪያ ዳገቱን ወጥቶ ሲመለስ የሚወርድበት መስመር ነው። ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ወደ ውሽውሽ የሻይ ልማት አቅጣጫ የሚደረግ አጭር ጉዞም መልካም አማራጭ ነው፤ አዘጋጆቹ ግን አስቀድመው ነድተው ይዩት።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ከመድረሱ በፊት ነው። ሁለቱን ፍሬን አንድ ላይ፣ ቀስ እያሉ መያዝ ያስፈልጋል። የፊቱን ብቻ ድንገት የጨበጠ ከመሪው በላይ ይወረወራል። ዳገት ሲመጣ ደግሞ ጉልበት ከማለቁ በፊት ማርሹን ማቅለል ነው። ካቃታችሁ ወርዳችሁ ግፉ። ብስክሌት እየገፉ ዳገት መውጣት ሽንፈት አይደለም። ሁልጊዜ ቀኝ ጠርዝ ይዛችሁ፣ አንድ በአንድ ተሰልፋችሁ ሂዱ። ከብት፣ ሕፃናትና ባጃጅ መንገዱ ላይ እንደሚኖሩ ገምቱ።

ስንቁ ከቤታችን አለ

ለብስክሌት ጉዞ የታሸገ የውጭ ምግብ መግዛት አያስፈልግም። የከፋ ምድር የሚያበቅለው ይበቃል። ቆጮ፣ ቡላና ጎደሬ ኃይል ሰጪ ምግቦች ናቸው። ቆጮ ግን ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ ብቻውን አይበላ፤ ከባቄላ፣ ከአይብ፣ ከጎመን ወይም ከሥጋ ጋር ይሁን። ከጉዞው በፊት በነበረው ምሽት ቆጮ ወይም እንጀራ ከሽሮና ከጎመን ጋር በልቶ በጊዜ መተኛት ጥሩ ነው። ቅቤ የበዛበት ክትፎ ለዚያ ምሽት አይሆንም፤ ሆድ ውስጥ ይቆያል።

በዕለቱ ከመነሳታችሁ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በፊት፣ ማለትም ፈጅር ሰግዳችሁ ወዲያውኑ፣ በሶ፣ የገብስ ገንፎ ወይም ዳቦ በማር ብሉ። ጉዞው ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነ መንገድ ላይ ውኃ ይበቃል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ያስፈልጋል። ይህ ሲተረጎም አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ገደማ ይሰጣሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ለአንድ ሰዓት ያደርሳሉ። ቴምር ደግሞ ኪስ ውስጥ ለመያዝ ይመቻል፤ የከፋ ማርም የታወቀ ነው።

ውኃ በየ15 እና 20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ተጎንጩ። በእኛ አየር ለብዙ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ይበቃል። አንዴ ብዙ ውኃ መጠጣት ሆድ ይረብሻል፤ ለብዙ ሰዓት እያላቡ ውኃ ብቻ በብዛት መጠጣት ደግሞ የደም ጨውን አሳንሶ ሊጎዳ ይችላል። ጉዞው ከሁለት ሰዓት የሚበልጥ ከሆነ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ያዙ። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የምናውቀው ብጥብጥ ነው፤ ለላበ ሰውም ይሠራል። ልኩን አትለፉ፤ ጨው ቢበዛ ይጎዳል።

ስትመለሱ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ እንቁላል፣ ሽሮ፣ ባቄላ ወይም ወተት ከእንጀራ ወይም ከዳቦ ጋር ተመገቡ፤ የደከመው ጡንቻ የሚጠገነው በዚህ ነው።

ቡናና ጫት

በቦንጋ ስለ ቡና ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ያለበት ከተማ ነው። ቡና በልኩ ቢጠጣ ለብስክሌተኛ ንቃት ይሰጣል። ስህተቱ ቡናን በቁርስ ቦታ መተካት ነው። ባዶ ሆድ ላይ ሁለት ሲኒ ጠጥቶ ዳገት የወጣ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡም ይመታበታል። ቁርስ ይቅደም፤ ቡናው ይከተል።

ጫትን በተመለከተ በግልጽ እንነጋገር። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ይነሳል። ብስክሌት መንዳትም ልብን የሚያሠራ ነገር ነው። ሁለቱን ጫና በአንድ ልብ ላይ መደራረብ አደገኛ ነው። በተለይ ሌሊቱን በምርቃና አድሮ፣ ሳይበላና ሳይተኛ፣ ጠዋት ለበጎ አድራጎት ልንዳ የሚል ሰው ራሱን ለአደጋ ያቀርባል። በሰውነቱ አማና ላይ ይጫወታል ቢባል አይበዛም። ለስምንት ሳምንት ልምምድ ሲል ጫቱን የተወ ወጣት ግን ከጉዞው ያገኘው ትልቁ ትርፍ ያ ሊሆን ይችላል።

ሐኪም የሚያስፈልገው ማን ነው?

ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ዕድሜያችሁ ከአርባ ያለፈና ለዓመታት ሳትንቀሳቀሱ የቆያችሁ፣ እርጉዝ እህቶችም ልምምዱን ከመጀመራችሁ በፊት የጤና ባለሙያ አማክሩ። ይህ እንዳትወጡ ለማስፈራራት አይደለም። ለስኳር ሕመምተኛ እንቅስቃሴ መድኃኒት ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን እየነዳ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ብርድ ብርድ የሚል ላብ፣ ማዞርና መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። ወዲያው ቆሞ ቴምር፣ ማር ወይም ስኳር መውሰድ ይገባዋል። አጠገቡ የሚነዳው ሰውም ሕመሙን ይወቅ፤ በዚህ ጉዳይ ማፈር ሕይወት ያስከፍላል።

ማንኛውም ሰው ደረቱን ካመመው ወይም ከተጫነው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ዓይኑ ከጨለመበት ይውረድ፤ አይቀጥል። «ሰዎች ገንዘብ ሰጥተውብኛልና መጨረስ አለብኝ» ማለት አያስፈልግም። ሰጪዎቹ የሰጡት ለሕመምተኛው ነው፤ እናንተን ሁለተኛ ሕመምተኛ ለማድረግ አይደለም። ሳይዘጋጅ ወጥቶ የወደቀ ሰው ለሌላው የተሰበሰበው ገንዘብ ለራሱ መታከሚያ እንዲውል ያደርጋል።

ለአዘጋጆችና ለተሳታፊዎች የሚሆን አደራ

አንደኛ፦ ገንዘቡ ይቆጠር። የተሰበሰበው፣ የወጣውና ለተረጂው የደረሰው በጽሑፍ ተለጥፎ ሕዝቡ ይየው። ለቲሸርትና ለባነር የወጣው ለሕሙማን ከደረሰው ከበለጠ ሥራው ትርጉሙን ስቷል። ከአንድ ደማቅ ቲሸርት ይልቅ ለሁለት ጀማሪ ሄልሜት መከራየት ይሻላል።

ሁለተኛ፦ ዘካ በቁርኣን ለተዘረዘሩት ስምንት ወገኖች የሚሰጥ ነው። በዚህ ጉዞ የሚሰበሰበው በሰደቃነት ይያዝ፤ ዘካውን በዚህ መንገድ መስጠት የሚፈልግ ካለ አስቀድሞ ዑለሞችን ይጠይቅ፤ ገንዘቡም ለብቻው ይቀመጥ። ገቢ ለማሳደግ ተብሎ በገንዘብ የሚሸጥ ዕጣ ወይም ውርርድ ውስጥ መግባት አይገባም።

ሦስተኛ፦ የሶላት ሰዓት ከፕሮግራሙ ጋር ይታሰብ። ጠዋት ተነስቶ ከዙህር በፊት መጨረስ ከሁሉ ይቀላል። በረመዳን እየጾሙ ከባድ ጉዞ ማድረግ አይመከርም፤ ልምምዱን እንዳይቋረጥ የፈለገ ከኢፍጣር በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቀላል እንቅስቃሴ ቢያደርግ ይበቃዋል።

አራተኛ፦ ወንዶች የሚጣበቅ አጭር ሱሪ ግዴታ እንዳልሆነ ይወቁ፤ ሰፋ ያለ ሱሪ ለብሶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በገመድ ማሰር ይበቃል። እህቶችም ከዚህ በረከት አይቅሩ። ለእነርሱ የተለየ ሰዓት ወይም የተለየ ቡድን ይዘጋጅ። ረጅም ልብስ ካቴናና ቸርኬ ውስጥ እንዳይገባ ካቴናው ሽፋን ያለው ብስክሌት ይመረጥ፤ የሒጃቡ ጫፍም ወደ ውስጥ ይታሰር። የስኳርና የደም ግፊት በሽታ ወንድና ሴት አይለይም፤ መከላከያውም ለአንድ ወገን ብቻ ሊሆን አይገባም።

አምስተኛ፦ ጉዞው ለሙስሊሙ ብቻ አይደረግ። ቦንጋ ውስጥ ሱቃችን ከሱቃቸው የተያያዘ፣ ሐዘንና ደስታችን የተጋራ ክርስቲያን ጎረቤቶች አሉን። ሆስፒታሉ አልጋ ላይ የሚተኛውም ሃይማኖት ተለይቶ አይደለም። አብረን ብንነዳ ገንዘቡም ይበዛል፣ ፍቅሩም ይጠነክራል።

ኒያችን ይስተካከል

በመጨረሻ የሚቀረው ልብ ነው። ሥራ የሚለካው በኒያ ነው። ፎቶግራፍ ለመነሳት፣ ስሙ በማይክሮፎን እንዲጠራ፣ ከጎረቤቱ በልጦ ለመታየት የሚነዳ ሰው ላቡ ይፈሳል፤ ምንዳው ግን ያሰጋል። ይህን ፈርቶ መልካም ሥራውን መተውም የሸይጧን ሌላ ወጥመድ ነው። ኒያችሁን አስተካክሉ፤ መጓጓዣ ላይ ሲወጣ የሚባለውን ዱዓ አድርጋችሁ ተነሱ።

ጉዞው ካለቀ በኋላ ብስክሌቱን ወደ ጓዳ አትመልሱት። ወደ ሱቅ፣ ወደ መስጂድ፣ ዘመድ ለመጠየቅ በሳምንት ሦስት ቀን ንዱት። ሕመምተኛው በእናንተ መዋጮ ታክሞ ሲነሳ፣ እናንተም በዚያው ምክንያት ሳትታመሙ ብትቆዩ፣ የአንዱ ቀን ሰደቃ ለዓመት የሚተርፍ ሆነ ማለት ነው።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይማርልን፤ ጤነኞቻችንን ይጠብቅልን፤ መልካም ሥራችንንም ይቀበለን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።